ጀርባ የሰጠው ሶፋ

በድሬዳዋ፣ በሰፈራችን ዕድር ፀሐፊ ሆኜ ካገለገልኩባቸው ዓመታት ውስጥ አንዲት ማለዳ ከአእምሮዬ አትወጣም። ጊዜው ሐምሌ ነበር። በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሥራ የታደሱ የአቅመ ደካሞች ቤቶች ቁልፍ ለባለቤቶቻቸው የሚሰጥበትና ችግኝ የሚተከልበት ቀን ሲሆን፣ በክብር እንግድነት የሚገኙት ከንቲባው መሆናቸው የተነገረን አራት ቀን ሲቀረው ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ሰፈሩ እንቅልፍ አልነበረውም። ወጣቶቹ የዛፎቹን ግንድ በኖራ ቀቡ፣ የዕድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጥቶ ተተከለ፣ አቧራ እንዳይነሳም ሌሊቱን መንገዱ ላይ ውሃ ተርከፈከፈ። ለእንግዶቹ ሶፋ ከሦስት ቤት ተዋስን። አንደኛው ከአዲስ ሙሽሮች ቤት የመጣ ስለነበር ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም፤ የተሸከመው ልጅ ላስቲኩን ያንሳው እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ተወው፣ የሰው ዕቃ እንዳይቆሽሽ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሶፋዎቹ ፊት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አኑረን የታሸገ ውሃ፣ ሶፍትና የፕላስቲክ አበባ ደረደርንበት። ከሶፋዎቹ ኋላ የዕድሩን የፕላስቲክ ወንበሮች ለሽማግሌዎችና ለሃይማኖት አባቶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ አግዳሚዎችን ለእናቶች አስቀመጥን፤ የቀረው ሕዝብ እንደተለመደው ቆሞ ይከታተላል። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሜ ሳየው አምሮልን ነበር። በዚያች ሰዓት ያላየሁትና ዛሬ ግን የማልረሳው ነገር ቢኖር፣ ሶፋዎቹ ወደ መድረኩ ዞረው ለሕዝቡ ጀርባቸውን የሰጡ መሆናቸው ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው መድረኩን፣ ባነሩንና ድምጽ ማጉያውን ብቻ ነው የሚያየው። ሕዝቡም ከከንቲባው የሚያየው ማጅራታቸውን ነው።

ይህን የምጽፈው ከንቲባ ወደ ሰፈር መምጣቱን የምጠላ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም በድሬዳዋ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ትልቅ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። የከተማዋ ቻርተር፣ ማለትም የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 416፣ እንደሚለው ከንቲባውን የሚሰይመው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ነዋሪው ለምክር ቤት አባላት ድምፅ ይሰጣል እንጂ የከንቲባውን ስም ወረቀት ላይ አያገኘውም። ስለዚህ ብዙው ሰው ከንቲባውን በአካል የሚያውቀው በድንኳን ሥር፣ በስታዲየም፣ በባሕረ ጥምቀት ወይም ሪባን ሲቆረጥ ነው። በዚያ ላይ የድሬዳዋ ከንቲባ የከተሜ ብቻ ሹም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪ ከተማ ውስጥ የሚኖረው 233,224 ብቻ ነበር፤ ከ108,000 በላይ የሚሆነው ሕዝብ የገጠር ነዋሪ፣ ገበሬና አርብቶ አደር ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው የአንድ ሹም ፊት በዓመት አንዴ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ድሬ ሹምን ከሩቅ የማየት ልማድ ያላት ከተማ አልነበረችም። የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት አስቸጋሪ ሆኖበት ከተራራው ሥር ሲያርፍ፣ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ሳይሆን በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። ከዚያ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ እያለች አደገች። ከየአገሩ በሥራ የተሰበሰበ ሰው እኩል መጤ ስለነበር፣ አንዱ ለሌላው ወንበር የሚለቅበት ምክንያት ዕድሜ እንጂ ማዕረግ አልነበረም። የእኛ አገር ሰው አንቱታ አያውቅም እየተባለ የሚነገረውም እውነትነት አለው፤ እኔ አያቴን "አንተ" ብዬ ነው ያደግሁት፣ ከዚህ የተነሣም አክብሮቴ አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም። መድረክ ላይ ስንወጣ ግን ቋንቋችን ይለወጣል። በዚያች ማለዳ የመድረክ መሪያችን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ ሆኖ ሲሠራ የማውቀው የሰፈራችን ልጅ፣ "ክቡር ከንቲባችን" የሚለውን ሐረግ ሳይጨምር አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶት ነበር።

የማለዳዋን ነገር እንደሆነ ልናገር።

ሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፍበታል። ድሬን ለማያውቅ ሰው ቦይ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ያደረገውን ያየን ሰዎች ነን። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታይ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ ዕቃ የሚዘረጋበት ወንዝ፣ ከደጋው የወረደውን ዝናብ ተሸክሞ በእንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው ላይ መጣ፤ ከ250 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ዳርቻ በግንብ ተጠናክሯል። ሆኖም ከዚያች ሌሊት የተረፈ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመና ከከተማዋ በላይ ወዳለው ደንገጎ ሲጠቁር ሳያስበው ቀና ብሎ ያያል፤ በድሬ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ጎርፉ ከላይ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃልና። የእኛ ቦይ ትንሽ ቢሆንም የሚያልፈው በዚያው ፍርሃት ውስጥ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ቱቦ በደለልና በላስቲክ ከተደፈነ ቆይቷል፤ ቱቦው ካልተከፈተ ደግሞ ቦዩን ከላይ ማጽዳት ብቻውን ምንም አይፈይድም።

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ግን እኛ ያጸዳነው ከላይ ያለውን፣ ከድንኳኑ የሚታየውን ሠላሳ ሜትር ያህል ነው። ደለሉን አውጥተን ጠርዙን በኖራ ቀባነው። "እንኳን ደህና መጡ" የሚለውን ባነር ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው አቅጣጫ አጥሩ ላይ ሰቀልነው። ሆን ብለን ለመሸፈን ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ሌላ ቦታ ብንሰቅለው ግን ኖሮ ያ ጥግ ቆሻሻው ይታይ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በዕድሩ ስም የተዘጋጀውን መርሐ ግብር የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ "የነዋሪዎች ጥያቄና አስተያየት፣ 20 ደቂቃ" የሚል መስመር ነበረበት። በዋዜማው ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሰዓቱ እንደማይበቃ፣ እንግዳው ሌላ ቦታ እንደሚጠበቁ፣ ሕዝቡ መናገር ከጀመረ ማስቆም እንደማይቻል ተነጋገርንና መስመሩን ሰረዝኩት። ማንም አላዘዘንም። ከከንቲባውም ሆነ ከማንም ወገን ጥያቄ እንዳይኖር የተባለ ነገር አልነበረም፤ ፈርተን ሳይሆን አፍረን ነው የሰረዝነው። እንግዳ ጠርቶ ብሶት ማሰማት ነውር መስሎን ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት የተባለው ዝግጅት 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ምርቃት ሆነ፣ ሸሁም ቄሱም በየተራቸው ጸለዩ፣ ልጆች ዘፈኑ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ሪፖርት አነበቡ። ከንቲባው አጭር ንግግር አድርገው ሲያበቁ፣ የጽሑፉ ወረቀት ገና እጃቸው ላይ እያለ፣ ወደ ሕዝቡ ቀና ብለው "የምትነግሩን ነገር ካለ?" አሉ። ያን ጊዜ ከአግዳሚው ላይ አንዲት እናት ተነሡ። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ቅመም በመሸጥ ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ቤታቸውም ከቦዩ አጠገብ የሆነ ሴት ናቸው። "ስማ ልጄ" ብለው ጀመሩ፤ "አንተ" የሚሉት የዘመድ ያህል ስለሚቆጥሩ ነው። የመድረክ መሪያችን ግን ያለ መስመሩ የመጣውን ንግግር ሰምቶ ደነገጠና ድምጽ ማጉያውን አንሥቶ፣ ክቡር ከንቲባው ጊዜ ስለሌላቸው ወደ ችግኝ ተከላው እንድንሄድ ጋበዘ። ሙዚቃ ተከፈተ። ከንቲባው ወደ ኋላ ሊዞሩ ሞክረው ነበር፤ አየሁ፤ ነገር ግን ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ መንገድ እያሳየ ከበባቸው። ሲያልፉ ቦዩን አይተው ንጽሕናውን አመሰገኑ። እኚያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ መጣ። ከላይ ያጸዳነው ቦይ ውሃውን በፍጥነት አውርዶ ከተደፈነው ቱቦ ጋር አጋጨው፣ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስት ቤት ገባ። የሞተ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኚያ እናት የቅመም ከረጢቶች ግን ሁሉም ራሱ፤ በርበሬው፣ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬው ግቢው ውስጥ በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እኔ በባልዲ እየቀዳሁ አብሬ ነበርኩ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። እሳቸው ምን ሊናገሩ እንደነበር ግን ሳልጠይቃቸው ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ያሰብኩት ስለዚያ ስለ "የክብር እንግዳ" ነው። አማርኛችን ውስጥ እንግዳ ትልቅ ቃል ነው። እንግዳ ሲመጣ ያለው ይወጣል፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል፤ የተቀደደው ምንጣፍ ይታጠፋል፣ የቤት ውስጥ ጠብ ድምፁ ይቀንሳል፤ እንግዳ ፊት ስለ ጎደለ ነገር አይወራም፣ እንግዳም ሥራ አይታዘዝም። ይህ ባህላችን የሚያኮራ ነው፣ አንዳችንም እንዲጠፋ አንሻም። ነገር ግን ከንቲባ በገዛ ከተማው ውስጥ እንግዳ አይደለም። የቤት ሰው ነው። ጣሪያው ሲያፈስ መጀመሪያ የሚነገረው፣ መሰላል የሚያቀብለው ሰው ነው። እሱን "የክብር እንግዳ" ብለን ስንጠራ ግን ሳናውቀው የቤቱን ገመና ከእሱ ለመደበቅ ባህሉ ያስገድደናል፤ እሱም እንደ እንግዳ አመስግኖ፣ ቀምሶ፣ መርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሹሙ ሕዝቡን አያይም ተብሎ የሚወቀሰው፣ እንዳያይ አድርገን ያስቀመጥነው እኛው መሆናችንን ረስተን ነው።

መቀመጫ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ይህን ጎረቤታችን ሐረር በደንብ ታውቀዋለች። በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ያለ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ሳሎኑ ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው በተለያየ መደቦች የተደራጀ ሲሆን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። ከእነሱ የከበረው አሚር ነደባ የሚባለው ነው። ይህ መደብ የተሠራበትን ቦታ ልብ ብሎ ላየው ሰው ትምህርት አለው፤ እዚያ የተቀመጠ አባወራ በሩን እያየ፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቅበት ቦታ ነው። ክብሩ ያለው በመታየት ሳይሆን ሰውን በማየት ነው። እኛ በድንኳኑ ውስጥ የሠራነው ግን የዚህን ግልባጭ ነበር። ከሁሉም የላቀውን መቀመጫ ምንም በማይታይበት ቦታ አኖርነው።

በድሬ መንገድ ላይ ኢፍጣር ሲደረግ የተቀመጠ ሰው ሌላ ዓይነት አቀማመጥ ያውቃል። አስፋልቱ ላይ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ተምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ውሃው መሐል ለመሐል ይደረደራል፣ ሰዉም ፊት ለፊት እየተያየ በሁለት መስመር ይቀመጣል። የፊት ረድፍ የለም፣ የኋላ ረድፍም የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሹሙም ባጃጅ ነጂውም አዛን እስኪሰማ ድረስ ያንኑ ተምር እያየ ይጠብቃል። በዚያ የመጠበቂያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሰው ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ከማነጋገር በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ከንቲባ ከማን ጋር ተያይቶ እንደተቀመጠ ብቻ ማየት፣ ምን ሰምቶ እንደሚሄድ ይነግረኛል።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ በሰፈራችን ሲያርፉ፣ በዚያን ዘመን የነበሩት ከንቲባ በሦስተኛው ቀን ምሽት መጡ። ድምጽ ማጉያ የለም፣ ፎቶ አንሺ የለም፣ መርሐ ግብር የለም። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ከድንኳኑ ዳር ባገኙት ወንበር ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች ስለ ሟቹ፣ ስለ አሮጌው ባቡር፣ ከዚያም ስለ ሰፈሩ ውሃ መቆራረጥ አወሩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ያን ዕለት የተነገረውን ያህል እውነት በመድረክ ተነግሮ ሰምቼ አላውቅም፤ በለቅሶ ቤት የክብር እንግዳ የሚባል ነገር የለምና።

ስለ ካሜራም ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። በአንድ በዓል ዋዜማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ዝግጅት ላይ፣ ማዕድ ማጋራት ተብሎ ዘይትና ዱቄት ሲታደል አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደርሶ ተቀበሉ። ፎቶ አንሺው ስላልያዘው መልሰው ሰጥተው እንደገና እንዲቀበሉ ተደረገ። በሁለተኛው ጊዜ ትከሻቸው ላይ ያለውን ፎጣ ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። ያቺ የፎጣ ሽፋን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ቀኝ እጅህ የሚሰጠውን ግራ እጅህ አይወቅ የሚለው ትምህርት በወንጌሉም በነቢዩ ሐዲስም በአንድ ቃል ያህል የተቀመጠ ነው፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በተጎራበቱባት በእኛ ከተማ ይህን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ሹም ሕዝቡ መሐል መገኘቱ እንዲታይ መፈለጉ አይነወርም፣ መንግሥት የሠራውን ማሳወቅም ተገቢ ነው። የተቀባዩ ፊት ግን የዜና ዕቃ መሆን የለበትም፤ ይህን በምንም ምክንያት ለመቀበል ዝግጁ አይደለሁም።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ ከንቲባ በየሰፈሩ ተቀምጦ ሲያወራ ቢሮ መቼ ሊገባ ነው ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ፣ ብዙ ይምጡ አይደለም። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ሁሉ ከባለጉዳይ ፊት አንሥቶ ድንኳን ውስጥ የሚያስቀምጥ ዝግጅት ቢቀንስና በምትኩ አንድ ሰዓት የማይሞላ፣ ሹሙ የሚሰማበት መገኘት ቢተካ፣ ሁለታችንም ጊዜ እናተርፋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ኮሚቴያችን ተሰብስቦ ነበር። ዘንድሮም ለችግኝ ተከላው ከንቲባው ሊመጡ ይችላሉ ተብሏል። ሶፋ እንዳንዋስ ሐሳብ ሳቀርብ ከመካከላችን ትልቁ ሰው ተቆጡ፤ ሹም በፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጥ ለሰፈሩ ነውር ነው አሉ፣ ያሉትም ከልባቸው ነበር። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ወንበሮቹ በክብ እንዲደረደሩ፣ ከንቲባው ከክቡ ውስጥ በፈለጉት ወንበር እንዲቀመጡ፣ ለሽማግሌው ሲባልም ወንበሮቹ ሁሉ ጨርቅ እንዲለብሱ ተስማማን። መርሐ ግብሩን ዘንድሮም የምጽፈው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መስመር ንግግር አይደለም፤ ከድንኳኑ ተነሥቶ፣ ባነር በሌለበት መንገድ፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ በእግር መሄድ ነው። ቱቦውን የሚያሳዩት ቅመም ሻጯ እናት እንዲሆኑ ጠይቄያቸው "እሺ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው" ብለውኛል። ትናንት ማታ መንገዱን አብረን ሄድነው፤ በእሳቸው እርምጃ፣ መሐል ላይ አንዴ ቆመን፣ አሥር ደቂቃ ፈጀብን። መርሐ ግብሩ ላይ 15 ደቂቃ ብዬ ጽፌዋለሁ።